ሃያ ሁለት ሳንቲሜትር

«ይህን ወረቀት አታቀርቢውም» አለ ወንድሟ ለሦስተኛ ጊዜ። በሩን በጀርባው ተደግፎ ቆሟል።

«ዞር በልልኝ። ስብሰባው አሥር ሰዓት ላይ ነው።»

«እታለም፣ ስሚኝ እንጂ።»

«ከጠዋት ጀምሬ ስሰማህ ነው የዋልኩት። አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለው፤ አታቅርቢ፣ አታቅርቢ። አንተ የኩባንያው ሾፌር ነህ፣ እኔ የማኅበሩ ለኪ ነኝ። እስቲ ሁለታችንም ሥራችንን እንሥራ።»

ለኪዋ ደብተሯን ከጠረጴዛው አነሳች። የከብት አርቢዎቹ ማኅበር ቀጥሯት፣ በመንግሥት ግጦሽ መሬት ላይ ያሉትን ሰባት የውሃ ጉድጓዶች ለአሥራ አራት ዓመት በየወሩ ለክታለች። አሁን አንድ ኩባንያ ከሜዳው በታች ያለውን ነዳጅ ያዘለ ድንጋይ ቆፍሮ፣ አግሎ፣ ዘይቱን ሊያወጣ ፈቃድ ጠይቋል። ለዚህ ሥራ የሚፈልገው ውሃ ብዙ ነው። አርቢዎቹ ተቃውመዋል፤ ተቃውሟቸውን የሚደግፍ በቁጥር የተጻፈ ማስረጃ ግን ከእሷ ደብተር በስተቀር የላቸውም። ኩባንያው አምና ለሙከራ በቆፈረበት ወር፣ ለቁፋሮው የሚቀርበው አራተኛው ጉድጓድ ውሃው ሠላሳ አንድ ሳንቲሜትር እንደወረደ ደብተሩ ያሳያል። የዛሬው ስብሰባ የመጨረሻው ነው። ከዛሬ በኋላ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ማስረጃ አይቀበልም።

ወንድሟ ከበሩ ላይ ተነሳ፤ አልወጣም ግን።

«የአራተኛው ጉድጓድ ልክ አይደለም» አለ።

«ምን ማለት ነው ልክ አይደለም?»

«አምና ጥጃ የገባበት ጊዜ አፉን ያደስኩት እኔ አይደለሁ? አንቺ ሆስፒታል ነበርሽ። ያኔ አንድ ረድፍ ብሎኬት ጨመርኩበት።»

«መታደሱን አውቃለሁ። ምልክቴ ግን...»

«ቀዩን ነጥብ አዲሱ ጠርዝ ላይ ቀባሁልሽ። ስትመለሺ እንዳትቸገሪ ብዬ ነው። ዙሪያውንም በጠጠር ደለደልኩት፣ ከብቶቹ እንዳይንሸራተቱ።»

ለኪዋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አለካኳ ቀላል ነው። የብረት ሜትሩን ጫፍ ጠመኔ ቀብታ ጉድጓዱ ውስጥ ታወርዳለች፤ በቀዩ ነጥብ ትክክል ይዛ ታነባለች፤ ጠመኔው የራሰበትን ያህል ትቀንሳለች። ነጥቡ ከፍ ካለ ውሃው ንቅንቅ ሳይል የወረደ ይመስላል። መሬቱም በጠጠር አብሮ ስላደገ፣ እግሯ ልዩነቱን አልነገራትም። ከሆስፒታል ስትመለስ ቀዩን ነጥብ ስታይ ደስ ብሏት እንደነበር ትዝ አላት።

እስከዛሬ ለምን ዝም እንዳለ ጠየቀችው። ዛሬ ጠዋት ከደብተሩ ወደ ወረቀቱ የገለበጠችውን ሠንጠረዥ ጮክ ብላ ስታነብ ነው የገባው፤ ከገባውም በኋላ አፉ አልታዘዝ ብሎት ነው የዋለው።

«ኩባንያው ያውቃል?»

«ማንም አያውቅም። እኔም አልናገርም። ብቻ ያ የኩባንያው ኢንጂነር ደርሶበት በሰው ፊት መሳቂያ እንዳያደርግሽ ብዬ ነው።»

ይህን ለእሷ አዝኖ ይበለው ለሥራው ፈርቶ፣ ከፊቱ ማንበብ አልቻለችም። ምናልባት እሱም አያውቀው ይሆናል።

በኩባንያው መኪና ወደ ጉድጓዱ ሄዱ። ወንድሟ አካፋውን አውርዶ ጠጠሩን ዛቀ፤ አሮጌው ጠርዝ ከሥር ብቅ አለ፣ የድሮው ቀለም እንኳ በስሚንቶ ተሸፍኖ ጥግ ጥጉ ይታያል። ከድሮው ምልክት እስከ አዲሱ ለካች። ደግማ ለካች። ከዚያ ሜትሩን ለወንድሟ ሰጥታ አንብብ አለችው።

«ሃያ ሁለት።»

ከሠላሳ አንድ ላይ ሲነሳ ዘጠኝ ይቀራል። ሌሎቹ ስድስት ጉድጓዶች በዚያ ወር ከአንድ ሳንቲሜትር በላይ አልወረዱም። ዘጠኝ ጥቂት ነው፤ ግን አለ።

ከአዳራሹ ደጃፍ የማኅበሩ ሊቀ መንበር እየተንቆራጠጡ ጠበቋቸው። ማይክሮፎን ፈልገው ስለማያውቁ ሰው ሁሉ ማጉያ ይላቸዋል። ነገሩን ስትነግራቸው ግን ክንዷን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዷትና በሹክሹክታ አወሩ።

«ልጄ፣ ይኼን ከኔና ካንቺ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ወንድሜ።»

«ወንድምሽ ወንድምሽ ነው። እነሱ ስንቱን ጉድ ሲሸፍኑ አንቺ አንዲት ብሎኬት አቅቶሽ ነው? ሜዳው ከሄደ እኮ ይቅርታ ብለን አናስመልሰውም።»

እውነታቸውን ነው፤ ሜዳው ከሄደ ሄደ። ወረቀቱን የመስኮቱ ደፍ ላይ ዘረጋች። ሠላሳ አንድን በአንድ መስመር ሰርዛ ዘጠኝ ብላ ጻፈች፤ ምክንያቱን ከሥሩ በሦስት መስመር አሰፈረች፤ ፈረመች። ማጉያ ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩና ገቡ።

አዳራሹ ሞልቷል። ተራዋ ሲደርስ ስህተቷንም ቁጥሩንም እንዳለ አነበበች። ከአርቢዎቹ ወገን ማጉረምረም ተሰማ። የኩባንያው ኢንጂነር ፈገግ ብሎ ተነሳ።

«ዘጠኝ ሳንቲሜትር ማለት ግማሽ እርሳስ ነው» አለ።

«ላሜ እርሳስ አትጠጣም» አሉ ማጉያ ከተቀመጡበት፣ አሁን በዋናው ድምፃቸው። አዳራሹ ሳቀ።

ከመሥሪያ ቤቱ የመጡት ሰብሳቢዋ አልሳቁም። መነጽራቸውን አስተካክለው ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡት። እርማቱን በለኪዋ ቃል ብቻ መቀበል እንደማይችሉ አስረዱ፤ የጉድጓዱን ጠርዝ ከፍ ያደረገው ሰው ቀኑንና ልኩን መስክሮ ካልፈረመ፣ ደብተሩ በሙሉ አጠራጣሪ ተብሎ ከመዝገብ ይወጣል።

«ግንበኛው ማነው?» ሲሉ ጠየቋት።

ለኪዋ ወንድሟ ከኋላ፣ ከኩባንያው ሰዎች ጎን እንደቆመ ታውቃለች። አልዞረችም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ ዝናብ ሆነ ንዳድ፣ አንድ ወር ሳይዘለል የተሞላው ደብተር ሰብሳቢዋ ጠረጴዛ ላይ ተገልጦ ተቀምጧል።

«ስሙን እኔ አልሰጥም» አለች።

«እንግዲያው አዝናለሁ» አሉ ሰብሳቢዋ፣ ደብተሩንም ዘጉት።

«እኔ ነኝ።»

ወንድሟ በወንበሮቹ መሃል እየመጣ ነበር። ኢንጂነሩ ክንዱን ሊይዘው እጁን ዘረጋ።

«አንተ መኪናው ጋ አልነበርክም እንዴ?»

«ነበርኩ፣ ጌታዬ» አለና አለፈው። ጠረጴዛው ጋ ደርሶ አምና የሙከራ ቁፋሮው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን አንድ ረድፍ ብሎኬት እንደጨመረ፣ ዛሬ ከእህቱ ጋር ሲለኩት ሃያ ሁለት ሳንቲሜትር እንደሆነ ተናገረ። ሰብሳቢዋ የሚሠራበትን ቦታ ጠየቁት። የኩባንያውን ስም ነገራቸው። ብዕር አልያዘም ነበር፤ ለኪዋ የራሷን ሰጠችው። እጁ ላይ የጠጠሩ አቧራ ስለነበር ፊርማው ሥር የጣት ምልክት ቀረ።

እርማቱ ላይ ማኅተሙ አረፈ። ሰብሳቢዋ የሚቀጥለውን ጉዳይ አነበቡ፤ የከባድ መኪኖች መንገድ ነው። ማጉያ ሊናገሩ ተነሱ፤ ሰዉም ሁሉ ወደሳቸው ዞረ፤ ኢንጂነሩ አጎንብሶ ካርታውን ይገላልጣል፤ ለኪዋ የተመለሰላትን ብዕር ክዳን ትፈልጋለች። ወንድሟ በኋለኛው በር ወጣ። የኩባንያውን መኪና ከቆመበት ትቶ፣ በእግሩ ወደ ዋናው መንገድ አቀና።