እንፋሎቱ እስኪያቆም

ታላቅ እህቷ ገና በልጅነቷ «ችኩሊት» ያለቻት፣ ስሙም እንደ መዥገር ተጣብቆባት የቀረ ልጅ፣ ዛሬ ጠዋት ከእህቷ ቁርስ ቤት የመስኮቱን ጥግ ልትወስድ ተነስታለች። ነገሩ ትናንት ተቋጥሯል። ዋፍሉ፣ ያ በብረት የሚጋገር የፈረንጅ ቂጣ፣ ከተሳካ ጥጉ ላይ ያለው የአበባ ማስቀመጫ ይነሳና ቦታው የእሷ መሸጫ ይሆናል፤ ካልተሳካ ሰሃን ወደ ማንሳቷ ትመለሳለች፤ ዋፍል የሚባል ነገርም በዚህ ቤት ዳግም አይወራም።

«ተደባልቆ የታሸገው ዱቄት ገበያ ሞልቶ፣ ምን አደከመሽ?» አለች እህቷ ጠረጴዛ እየወለወለች።

«ሌላ ሰው የደባለቀውንማ ማን ያጣዋል፣ እታለም?»

ዱቄቱን ነፋች፤ ቤኪንግ ፓውደርና ቁንጥር ጨው ጣል አደረገችበት። የእንቁላሉን አስኳል ከወተትና ከቀለጠ ቅቤ ጋር መትታ ዱቄቱ ላይ ገለበጠችው፤ ትንሽ ጓጓል እንዳለበት ተወችው። ሊጥ አብዝተው ከመቱት እንደ ጎማ ይለጠጣል። ነጩን ግን ለብቻው፣ ክንዷ እስኪዝል መታችው። ከዚያ ጎድጓዳ ሳህኑን አንስታ በጋሼ ምላጭ መላጣ ላይ ዘቀዘቀችው። ጋሼ ምላጭ ጎረቤት ፀጉር አስተካካይ ናቸው፤ ቁርሳቸውን ሁልጊዜ እዚህ ይበላሉ፤ ምላጭ የተባሉትም በእጃቸው ሳይሆን በምላሳቸው ነው።

«አይዞዎት ጋሼ፣ ከደረሰ አይወድቅም።»

«ካልደረሰስ?»

«ካልደረሰማ ፀጉርዎን በነጻ ይታጠባሉ።»

«የቱን ፀጉር?» አሉ፤ ግን አልተነቃነቁም። ነጩም አልተነቃነቀም።

አረፋውን ከታች ወደ ላይ እያነሳች ከሊጡ ጋር ቀስ ብላ አዋሃደችው። የጋለውን የዋፍል ብረት ቅቤ ቀባች፤ በጭልፋ አፈሰሰችና ክዳኑን ገጠመች። በጎንና በጎኑ እንፋሎት ተንቦለቦለ።

«አረረ» አለች እህቷ።

«አላረረም። ውሃው ነው እየወጣ ያለው። ሲያቆም እከፍተዋለሁ።»

«ለእኔ ምድጃ ልታስተምሪኝ ነው? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?» ብላ፣ አፏን ሳትዘጋ እጇን ሰደደችና ክዳኑን ብድግ አደረገችው። ዋፍሉ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ግማሹ ከላይ፣ ግማሹ ከታች ተጣብቆ፣ መሃሉ ገና ጥሬ።

«ይኸው» አለች እህቷ፤ ዓይኗን ግን ከብረቱ አሸሸች።

ችኩሊት ብረቱን በእንጨት ማንኪያ ፈቀፈቀች፣ እንደገና ቀባች፣ የቀረውን ሊጥ አንጠፍጥፋ አፈሰሰች። ለአንድ ብቻ ነው የበቃው። ከዚያ እጀታውን ጨምድዳ ያዘች። እህቷ ጨርቋን አጠፈች፣ መልሳ ዘረጋች፣ አንገቷን አሰገገች።

«ኧረ ተይ አንቺ ልጅ፣ አረረ እኮ።»

ችኩሊት እጇን ከእጀታው አላነሳችም። እንፋሎቱ ሳሳ፣ እንደ ክር ቀጠነ፣ ጠፋ። ያኔ ክዳኑን በሁለት ጣቷ አነሳችው፤ ሳያንገራግር መጣላት። ዋፍሉ እንደ ወርቅ ቀልቶ፣ ጉድጓዶቹ ጥርት ብለው ተቀምጧል።

ጋሼ ምላጭ ማር እስኪፈስበት እንኳ አልጠበቁም። ሲገምጡት ቀጭ አለ። አፋቸው እንደሞላ ወደ እህቷ ዞሩና «የቸኮለች...» ብለው ጀመሩ።

«ይብሉ ጋሼ፣ ይቀዘቅዛል» አለች ችኩሊት።

ተረቱ የእሷም ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ላሸነፈ ሰው ተረት ምን ይሠራለታል?

እህቷ ከዳር ቆርሳ ቀመሰች። ደግማ ቆረሰች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዳ የአበባ ማስቀመጫውን አቅፋ አነሳች።

«ለነገ ምን ያህል እንቁላል ላምጣልሽ፣ ችኩ...» ብላ ቃሉን ዋጠችው።

«ጨርሺው እንጂ፣ እታለም» አለች ታናሿ፣ ባዶውን ጥግ በጨርቅ እየወለወለች። «መስኮቱ ላይ የምጽፈው ስም እሱ ነው።»