ቡፌ ውስጥ የተቀመጠው ስፒከር

ልጄ ዘካሪያስ ስፒከሩን ከካርቶን ከማውጣቱ በፊት እጁን በሳሙና ታጠበ። ምሳ ሊበላ ሲል እንኳ ስንቴ ለምኜው የማይታጠብ ልጅ ነው። ያኔ ነው ዕቃው የዋዛ አለመሆኑን የተረዳሁት።

ክብ ነው፤ ጥቁር ጨርቅ የለበሰ፤ ቁመቱ ከስኳር ጣሳ አይበልጥም። ከዱባይ ነው ያስመጣው። ሰው ሲያናግረው በእንግሊዝኛ ይመልሳል፣ ሰዓት ይናገራል፣ ሙዚቃ ይከፍታል፣ አስታውሰኝ ያሉትን ያስታውሳል። ዘካሪያስ ዋጋውን ሊነግረኝ አልፈለገም። ሚስቱ ማህሌት ግን በስልክ ስትነግረኝ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ለጌጥ አልነበረም የመጣው። ግላኮማ አለብኝ። የዓይኔ ግፊት እንዳይጨምር በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሰዓቱን ጠብቄ ጠብታ ማድረግ አለብኝ። ባለፈው ክረምት ሰዓቱን እየዘነጋሁ ግፊቱ ጨመረ፤ ሐኪሟም እንዲህ ከቀጠለ የቀረውንም ብርሃን እንደማጣው ነገረችኝ። ዘካሪያስ ይህን ሲሰማ ገላን ኮንዶሚኒየም ያለውን ቤቴን አከራይቼ አያት ሰፈር እሱ ጋ እንድገባ ፈለገ። እኔ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጥጥ ፋብሪካ ማሽን ላይ የቆምኩ ሴት ነኝ፤ ይህንን ቤት በዕጣ ያገኘሁት፣ ቁልፉንም በእጄ የተቀበልኩት ራሴ ነኝ። አልወጣም ብዬ ተሟገትኩ። ብዙ ከተኳረፍን በኋላ አንድ ወር እንሞክር ተባባልን። በወሩ መጨረሻ ሐኪሟ ስትለካኝ ግፊቱ ከወረደ ቤቴ እቆያለሁ፤ ካልወረደ ሻንጣዬን እሸክፋለሁ። ስፒከሩ የተገዛው ሰዓቱን እንዲያስታውሰኝ ነው።

ዕቃውን ለማስጀመር ግማሽ ቀን ፈጀ። የሚታዘዘው የገዛ ኩባንያውን ስልክ ለያዘ ሰው ብቻ ኖሯል፤ የእኔን ስልክ ዘመዴ አይደለም አለ። ዘካሪያስ የራሱን አሮጌ ስልክ ትቶልኝ፣ ዋይፋይ አስገብቶልኝ፣ ሦስቱን ሰዓቶች ነገረው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት፣ አደራ ብሎኝ ሄደ።

እሱ እንደወጣ ማንኛዋም የቤት እመቤት የምታደርገውን አደረግሁ። በእኛ በኩል የሚያልፉት ከባድ መኪናዎች የሚያስነሱት አቧራ ጠዋት የተወለወለውን ጠረጴዛ ለምሳ አያደርሰውም። ስለዚህ ቡፌውን ከፈትኩ። ለትልቅ እንግዳ ብቻ የሚወጡትን ብርጭቆዎች ገፋ ገፋ አድርጌ መሃላቸው አስቀመጥኩት፤ ገመዱን በጀርባ በኩል አሾለክሁት፤ ዓይኔ ደህና ሳለ በእጄ የሠራሁትን ነጭ ዳንቴል አለበስኩትና መስታወቱን ዘጋሁ። ራቅ ብዬ ሳየው ደስ አለኝ። ሳሎኑ ራሱ ከበረ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቡፌው ውስጥ አንድ ነገር አጉረመረመ። የጎረቤት ሬዲዮ መስሎኝ ሥራዬን ቀጠልኩ። ከሰዓት በኋላ እንደገና ሲያጉረመርም ነው የእኔው መሆኑ የገባኝ። ቀርቤ ባናግረው አልሰማኝም። እንደ ፋብሪካው ዘመን ጮክ ብል እንኳ የተንቀጫቀጩት ብርጭቆዎቹ ናቸው። አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ላስቀምጠው አሰብኩና ማህሌት የነገረችኝ ዋጋ ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ። ያን ሁሉ ብር የወጣበት ዕቃ ባትሪ የለውም፤ ከፍሪጁ ጋር አብሮ ዝም አለ። መብራቱ ሲመለስ ፍሪጁ ሥራውን ጀመረ፤ እሱ ግን ዋይፋዩ እስኪመጣለት ደጅ ጠና። በዚያን ቀን የስምንት ሰዓቱንም የማታውንም ጠብታ ሳላደርግ መተኛቴን ያወቅሁት ጠዋት ስነሳ ነው። በጣም ፈራሁ። ከዓይኔ በፊት የታየኝ ሻንጣዬ ነበር።

ዘካሪያስ በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ እየደወለ ዕቃው እንዴት ነው ይለኛል። ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን እለዋለሁ፤ እንግዳ ያለብኝ ይመስል። ውሸት አልነበረም። በእርግጥም ደህና ነበር፤ አቧራ እንኳ አልነካውም።

ጠብታውን በዘለልኩ ማግስት ጠዋት ወደ ሐጀራ ወረድኩ። ሐጀራ ከብሎካችን ሥር ሱቅ ያላት የስልጤ ልጅ ናት፤ ከባትሪ ድንጋይ እስከ ቴሌቪዥን የምትሸጥ፣ ጉዳይ ሲነግሯት አብራ የምትጨነቅ ሴት። ስለ ቡፌውና ስለ ዳንቴሉ ስነግራት ግን መጨነቁን ትታ ካርቶን ላይ ቁጭ እስክትል ሳቀች። ከዚያ ተነስታ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን አሳየችኝ። የእኔው ዓይነት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው ተቀምጧል። ሰው ይመጣል፣ ይዳብሰዋል፣ ማሻአላህ ይላል፣ ከዚያ ርካሹን ገዝቶ ይሄዳል አለችኝ። እኔም ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

«በድምፅማ የሚያህለው የለም እትዬ» አለችኝ። «ግን አንድ ጌታ ብቻ ነው የሚያውቀው። ጎረቤት ለልደት ቢዋሰው አይታዘዝለትም። መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ደግሞ ሰው ውድ ዕቃ ይፈራል፤ እየፈሩት እንዴት ይሠሩበታል?»

ርካሹን አወረደችልኝ። ቀይ ፕላስቲክ ነው፤ ድምፁ ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላል። ባትሪ አለው፤ ከማንም ስልክ ጋር ይግባባል፤ የእኔንም ስልክ ስሙን ሳይጠይቅ ተቀበለው። እሱም ልክ እንደ ውዱ አማርኛ አያውቅም፤ ግን ሰው የተናገረውን ቀድቶ በተባለው ሰዓት ይደግማል። ሐጀራ ደንበኛ አቁማ፣ ሦስቱን መልእክት በራሷ ድምፅ እዚያው ቀዳችልኝ። መጀመሪያ ይሞክሩት፣ ካልተስማማዎት ይመልሱልኛል ብላ በፌስታል ሰጠችኝ።

ኩሽና ውስጥ ከሽንኩርት ቅርጫቱ አጠገብ ጣል አደረግሁት። እሱን ማን ዳንቴል ያለብሰዋል? ዘይት ነካው፤ በርበሬ ተበተነበት፤ አንድ ቀን ከነገመዱ ወድቆ ባንድ ጎኑ ተሰነጠቀ፤ አንስቼ በቀሚሴ ጠረግሁት፣ ሥራውን ቀጠለ። መብራት ቢኖርም ባይኖርም በሰዓቱ ይጠራኛል። ሳሎን ብሆን፣ በረንዳ ላይ ልብስ ባሰጣ ይሰማኛል። ጠብታዬን አድርጌ ስጨርስ እሺ ሐጀራ እለዋለሁ። ቀኔ ቅርጽ ያዘ።

ወሩ ሲሞላ ዘካሪያስ ክሊኒክ ወሰደኝ። ሐኪሟ አንዴ ለካችኝ፤ አላመነችም መሰለኝ ደገመች። ከዚያ ግፊቱ ጥሩ አድርጎ ወርዷል፣ በዚሁ ይቀጥሉ አለች። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ዘካሪያስም ደስ ብሎት መንገዱን ሙሉ ስፒከሩን ሲያወድስ መጣ፤ ርካሽ ዕቃ ቢሆን ኖሮ ይህን ውጤት አናይም ነበር አለኝ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ቃሊቲ አደባባይን ስናልፍ ግን ወሬውን ቀየረ። እኛ ጋ ያዘጋጀንልሽ ክፍል ተቀብቶ አልቋል፣ ማህሌት መጋረጃ መርጣለች፣ አንድ ጊዜ መጥተሽ ብታይው ትወጂዋለሽ አለ። ስምምነታችንን ሳነሳበት ወደ መጋረጃው ቀለም ተመለሰ። ደስታዬ ከላዬ ላይ ወረደ።

ቤት ስንገባ መብራት አልነበረም። ዘካሪያስ ጠረጴዛው ላይ አየ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አየ፣ በመጨረሻ ቡፌው ውስጥ አገኘው። ዳንቴሉን ከላዩ አነሳ። ይህኔ ከኩሽና ድምፅ ተሰማ።

«እትዬ አስካለች፣ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ጠብታዎን ያድርጉ። ደግሞ አንገትዎን ቀና አድርገው፤ ጉንጭዎ ላይ እንዳያፈሱት።»

ዘካሪያስ ኮሌታውን አስተካክሎ፣ ሐጀራ እንዴት ዋልሽ እያለ ወደ ኩሽና ገባ። ሲመለስ የሽንኩርት ልጣጭ የተለጠፈበትን ቀይ ፕላስቲክ ይዞ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፤ የተዘለሉትን ጠብታዎች እንኳ አልደበቅሁም። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ከፋው፤ ይህ ደግሞ ባሰብኝ።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ምርጡን ነው የገዛሁልሽ» አለ።

«አውቃለሁ፤ ምርጥ ስለሆነ ነው እዚያ ያስቀመጥኩት» አልኩት። «እዚያ ሆኖ ግን አልሰማኝም፣ እኔም አልሰማሁትም። አንተም ያንን ክፍል ያዘጋጀህልኝ ስለምትወደኝ ነው። ንጹሕ ነው፣ አቧራ አይነካኝም። ግን ጠዋት ሁላችሁም ወጥታችሁ ስትሄዱ፣ እዚያ ማን ይጠራኛል ዘኪ?»

ሶፋው ላይ ተቀምጦ ዕቃውን በእጁ ያገላብጥ ጀመር። ልጣጩን አነሳለት። ቀጥሎ ጠብታው የት ነው አለኝ። ሰጠሁት። ስንት ወር ስለ ጠብታ ሲያወራ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ በእጁ አድርጎልኝ አያውቅም። አንገቴን ደገፍ አድርጎ አንጠባጠበልኝ። ከዚያ እንደ ሐኪሟ ትእዛዝ ሁለት ደቂቃ ዓይኔን ጨፍኜ ተቀመጥኩ።

ወደ በረንዳው ሲወጣ ሰማሁት። ለማህሌት ደወለ። መጋረጃውን ተይው አላት። ከዚያም «እማዬ እዚሁ ቤቷ ትሆናለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ እንመጣለን» አላት። ኔትወርኩ ይቆራረጥ ስለነበር ምን አልክ አለችው መሰለኝ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመላት። ሁለት ደቂቃው አልቆ ነበር። እኔ ግን ሦስተኛ ጊዜ ይለው እንደሆነ ብዬ ዓይኔን እንደጨፈንኩ ቆየሁ።