በጆሮው የሚነዳ ሰው

ባሌ ወደ ቤት ሲመጣ ዓይኔ ከማየቱ በፊት ጆሮዬ ያውቀው ነበር። የስፌት መኪናዬ ያለችው መስኮቱ ሥር ነው፤ ቤታችን ደግሞ ዳገቱ አናት ላይ። ከታች ዳቦ ቤቱ ጋ ሲታጠፍ ሦስተኛ ማርሹን ወደ ሁለተኛ ያወርዳል፤ ታክሲዋ አንዴ እህ ትልና ተረጋግታ ትወጣለች። ያንን ስሰማ ክሩን በጥርሴ በጥሼ እነሳና ምግቡን እጥዳለሁ። በሩን ከፍቶ ሲገባ ምግቡ ሞቋል። ሠላሳ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን፤ አንድ ቀን እንኳ «እየመጣሁ ነው» ብሎ ደውሎልኝ አያውቅም።

የታክሲ ሾፌሮቹ «ጠብታ» ነው የሚሉት። ከነዳጅ ጠብታ አያባክንም ለማለት ነው። እሱ ደግሞ እንደ ሹመት ተቀብሎታል። ምስጢሩን ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ያስተምራል። ሜዳ ላይ ከሆንክ ሞተሩ መጮህ ሳይጀምር ማርሽ ጨምርለት፤ ነዳጁንም እንቁላል ላይ እንደቆመ ሰው ቀስ ብለህ ርገጥ። ዳገት ከሆነ ወይም ሰው መቅደም ካለብህ ግን አትሰስት፤ ማርሹን ያዝለት፣ ሞተሩ ደረቱን ይንፋ፣ ከዚያ ቀይር። ሲያጉረመርም ከብዶታል ማለት ነው፣ አውርድለት። ሲያንጎራጉር ተወው፣ ደስ ብሎታል። ቀድሞ የቀየረም ዘግይቶ የቀየረም ሁለቱም ያው ነዳጅ አባካኝ ናቸው ይላል።

ታክሲዋ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር የሚያሳይ መርፌ አላት። እሱ ግን ልጃችን አንደኛ ክፍል ስትገባ የተነሳችውን ፎቶ ለጥፎ ሸፍኖታል። መርፌ እያየ ማርሽ የሚቀይር ሰው፣ ሚስቱ መቆጣቷን ከጎረቤት የሚሰማ ሰው ነው ይላል። ልጃችን ዛሬ አግብታ ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው፤ ታክሲዋ ውስጥ ግን ገና የፊት ጥርሷ አልበቀለም።

መንዳት ያስተማረኝም እሱ ነው። መንጃ ፈቃዱን አወጣሁ፤ ትዳሬን ግን ለጥቂት ነው ያተረፍኩት። ስቀይር «ቸኮልሽ»፣ ስቆይ «ኧረ ገደልሻት»! በመጨረሻ መሀል መንገድ ላይ ቁልፉን ጭኑ ላይ ወርውሬ በእግሬ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ መንጃ ፈቃዴ መሳቢያ ውስጥ ነው። ጊዜው ሲደርስ ግን ሄጄ አሳድሳለሁ፤ እልህ ነዋ።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት መኪና ዳገታችንን እየጮኸች ወጣች። ዳገቱ አልቆ ሜዳው ላይ ስትደርስም እዚያው ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነች። ማነው ይሄ ደንቆሮ ብዬ ሰደብኩና ስፌቴን ቀጠልኩ። በሩ ሲከፈት ባሌ ነው። ምግቡ አልተጣደም። እሱም ገረመው፣ እኔም ገረመኝ።

በማግስቱም እንደዚያው። ስድስት ቀን የሚሄደው ታንክ በአራተኛው ቀን ባዶ ሆነ። ባሌ መጀመሪያ ማደያውን ጠረጠረ፤ ውሃ እየቀላቀሉ ነው አለ። ማደያ ቀየረ፣ ለውጥ የለም። ከዚያ ወደ መካኒኩ ወሰዳት። መካኒኩ ያቺን ታክሲ ጢሙ ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ የሚያውቃት ሰው ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ፈትቶ ገጠማት፣ ምንም አላገኘም። ሞተሯ ጤነኛ ነው፣ ማርሽ የሚቀየርላት ግን ዘግይቶ ነው ብሎ ለእኔ ለብቻዬ ነገረኝ። ለእሱ ለመናገር አፍሯል፤ ለጠብታ እንዲህ ተብሎ ይነገራል?

ባሌ ግን ከጋራዡ የወጣው እየፈነደቀ ነው። እኔን ጎኑ አስቀምጦ እየነዳ፣ «ሰማሻት? ድምጿ ሁሉ ጠፋ እኮ! ወጣት አድርጎ ነው የሰጠኝ» አለኝ። እሱ ይህን ሲል ታክሲዋ ሁለተኛ ላይ ሆና እሪ እያለች ነው፤ የመንገዱ ሰው ዞሮ ያየናል።

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩና በተለመደው ድምፄ፣ መካኒኩ ካንተ የተሻለ ሾፌር ነው አልኩ። ይህ ሰው እንዲህ ከተባለ መኪና አቁሞ ወርዶ ሦስት ቀን የሚያኮርፍ ነው። ዝም ብሎ ነዳ። እንዲያውም ፈገግ እንዳለ ነበር።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ያን ዕለት ማታ ቁጭ አድርጌ፣ ጆሮህ ደክሟል፣ ሐኪም ይይህ ማለት ነበረብኝ። ግን ሰውዬውን አስቡት። ሌላው ሰው የሚኮራበት ቤት አለው፣ ዲግሪ አለው። የእኔ ሰው ያለችው ጆሮው ነች። ሐኪሙ መንዳት አይችልም ቢለውስ? መሪውን ከእጁ ከነጠቁት ቅስሙ ይሰበራል፣ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለ ያልቅብኛል ብዬ ፈራሁ። እወደዋለሁ። ይህን ለሰው የምናገር ሴት አይደለሁም፤ ግን ካልተናገርኩ የሠራሁት ጥፋት ለማንም አይገባውም።

የሠራሁት እንዲህ ነው። የልጃችንን ፎቶ ፀሐይ እየጨረሰው ነው፣ አሳድጌ ላሳጥበው ብዬ ከመርፌው ላይ ላጥኩት። ከዚያ ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ አፌን በደንብ እየከፈትኩ፣ ነጭ ውሸት ዋሸሁ። መርፌውን እያየ ቢነዳ ታንኩ ሰባት ቀን ይሄድለታል፣ ግን በዚህ ዕድሜው አዲስ ነገር አይለምድም ብሎኛል መካኒኩ አልኩት።

«ማነው የማይለምደው?» አለ።

እሁድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል ይዞኝ ወጣ። መርፌው ሁለት ሺህ ላይ ሲደርስ በሜዳው ማርሽ ይጨምራል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ሦስት ሺህን አልፎ እስኪሄድ ይታገሳል፤ ከአንድ ሺህ ተኩል ሲወርድ ማርሹን ያወርዳል። እኔ ጎኑ ሆኜ በጣቴ እጠቁማለሁ። እሱ እንደ ተማሪ አንገቱን አስግጎ ያያል። ያችን እሁድ ብታዩን ትስቁ ነበር፤ እኔ አስተማሪ፣ እሱ ተማሪ፣ ደግሞም «ዘገየህ» ስለው ዝም ይለኛል። ውስጤ እንዴት ቅቤ እንደጠጣ!

ወር ሳይሞላ መርፌው እጁ ገባ። ታንኩ ሰባት ቀን ሄደ። ባሌ መካኒኩ ድረስ ሄዶ ደረቱን ነፍቶ ነገረው፤ መካኒኩም ነገሩ ባይገባውም እሺ አለ። ዳገታችን ጸጥ አለ። ዳቦ ቤቱ ጋ እህ ስትል እሰማለሁ፣ ክሬን በጥሼ እነሳለሁ፣ ምግቡ ይሞቃል። የጠፋ ባሌን ከመንገድ ያመጣሁት መሰለኝ። ተመስገን አልኩ፣ ለማንም ሳልናገር ራሴን አደነቅኩ።

አንድ ረፋድ ላይ የሰፋሁትን የተማሪ ዩኒፎርም ለማስረከብ አብሬው ወጣሁ። ከኋላ አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሰፊው መስቀለኛ መንገድ ጋ ስንቃረብ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከግራ በኩል የአምቡላንስ ጩኸት ይሰማል። ጎናችን ያሉት መኪኖች ሁሉ ቆሙ። ባሌ መርፌውን አየ፤ ሁለት ሺህ ነው፤ ሦስተኛ አስገባ። እንዴት ያለ ለስላሳ አቀያየር! እዚያው መሀል ገባ።

ጮህኩ። አልሰማኝም። ክንዱን በጡጫ መታሁት። ፍሬን ያዘ፤ አምቡላንሱ አፍንጫችንን ሊነካ ስንዝር ሲቀረው አለፈ።

ሕፃኑ እሪ አለ። ባሌ መሪውን እንደያዘ በስፖኪዮው ወደ ኋላ አየ። የሕፃኑ አፍ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ፊቱ ቀልቷል። ባሌ ያንን አፍ አየው፣ አየው። ድምፁን እየፈለገ እንደነበር ገባኝ።

ታክሲዋ ስትጮህ የነበረችው ጆሮው መድከሙን ልትነግር ነበር። አፏን ያፈንኩት እኔ ነኝ። ነዳጁ ተቆጠበ፣ ጎረቤት ተኛ፣ ባሌ ግን በተዘጋ ጆሮው የሰው ልጅ ጭኖ በከተማ ውስጥ ይዞር ነበር። ያቺ እናት ልጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ ወርዳ ሄደች። ብትሰድበን ይሻለኝ ነበር።

ጥጉን ይዞ አቆመና ሞተሩን አጠፋ። መጥፋቱንም ያረጋገጠው ቁልፉን በዓይኑ አይቶ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አለኝ።

አፌን እንዲያይ ፊቴን አዞርኩለት። «ታክሲዋን እያስጮህክ ዳገቱን ከወጣህበት ቀን ጀምሮ።»

ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ከዚያም በፊት ነው። ከኋላ ሰው ሲያወራኝ፣ የሚወርድበትን ሲነግረኝ አልሰማም ነበር። መርፌዋን ስታሳዪኝ ለምን እንደዚያ ደስ ያለኝ ይመስልሻል? ካንቺ ልደብቅበት ነው እንጂ።»

እንግዲህ ስሙ! እኔ እሱን ከራሱ ስደብቅ፣ እሱ ራሱን ከእኔ ሲደብቅ፣ ሁለታችንም በአንዲት መርፌ ስንታለል ከርመናል። ተናደድኩ። የመጣልኝን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት፤ ሽማግሌ አልኩት፣ ግትር አልኩት፣ ያን ሕፃን ብትገድለውስ አልኩት። ግማሹን ሳልጨርስ ለቅሶው አሸነፈኝ። ስድቡን ሰማው አልሰማው አላውቅም፤ እንባዬን ግን አየ። በዚያ ነዳጅ ነዳጅ በሚሸት እጁ ጉንጬን ጠረገልኝ።

«ዛሬ ከዚህ በኋላ ሰው አልጭንም» አለ። «ሐኪሙ ይሁን ካላለኝ ነገም አልጭንም።»

ቁልፉን ነቅሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። በዚህ ጊዜ ማንም አልወረወረም።

የጆሮ ሐኪሙ ቀጠሮ የሰጠን ለሳምንቱ ነበር፤ ከተማው ወዲያ ማዶ ነው። መንጃ ፈቃዴን ከመሳቢያ አወጣሁና የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ባሌ ጎኔ ገባና እጁ የት እንደሚቀመጥ ግራ ገባው፤ በመጨረሻ ጭኑ ላይ አኖረው። ሳስነሳ ያላየሁት መስሎት ግራ እግሩ ፍሪሲዮን ሊረግጥ ምንጣፉን ጫን አደረገ።

አንደኛ። ሁለተኛ። መርፌውን እንዳላይ ቆርጬ ነበር። ከዚህ ሰው ጋር ሠላሳ ሁለት ዓመት ኖሬ፣ ይቺን ሞተር በመስኮት ስሰማት ከርሜ ካላወቅኳት አፈር ልብላ አልኩ። መጮህ ሳትጀምር ሦስተኛ ሰጠኋት። ሜዳው ላይ አራተኛ። ባሌን በዓይኔ ጥግ አየሁት፤ ቸኮልሽ ሊለኝ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ትልቁ ዳገት ላይ ወደ ሁለተኛ አወረድኩና ያዝኩላት። መርፌው ሦስት ሺህን ሲያልፍ ባሌ ያያል፤ እኔም እንደሚያይ አውቃለሁ። ደረቷን ነፋች፣ አናቱ ላይ ደረሰች፣ ሦስተኛ አስገባሁ። እንኳን ሰው ሊወዘወዝ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ያለው ቦርሳዬ አልተነቃነቀም።

ምን ይለኝ ይሆን ብዬ ዞር አልኩ። ተኝቷል።

ሾፌር ሌላ ሰው ሲነዳ አይተኛም። የልጃችን ባል ሲነዳ እንኳ የበሩን እጀታ አንቆ ይዞ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ነው የሚሄደው። አውቶቡስ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ ሲያነጋ አይቻለሁ፤ ሾፌሩን ማን ያውቀዋል ይላል። አሁን ራሱ ወደ መስኮቱ ዘንበል ብሎ፣ አፉ ትንሽ ተከፍቶ፣ ግራ እግሩም ምንጣፉ ላይ ላልቶ ያንኮራፋል። አንጀቴን በላው።

የክሊኒኩ በር ጋ ስደርስ ቀጠሯችን ገና ሃያ አምስት ደቂቃ ይቀረው ነበር። ባቆም ይነቃል። ሞተሩን ባጠፋ መንቀጥቀጡ ሲቆም ይነቃል። ስለዚህ በሩን አልፌ ሄድኩና ሠፈሩን አንድ ዙር ዞርኩ፤ ከዚያ ሌላ ዙር። ለማንም፣ ለምንም፣ ዝም ብዬ ነዳጅ አቃጠልኩ። ሦስተኛዋን በጊዜዋ እየሰጠሁ፣ በጊዜዋ እየቀነስኩ፣ ሰዓቱ እስኪደርስ አስተኛሁት።