አልወጣም ያለችው ግብ ጠባቂ

ሦስተኛው ጎል ሲቆጠር አባይነህ ዓይኑን ጨፈነ። አጠገቡ የተቀመጡት የቤተ ክርስቲያን ወዳጁ ጋሼ በርሀ ግን አልጨፈኑም። በወጣትነታቸው አሥመራ ውስጥ ለሰፈር የእግር ኳስ ቡድን በረኛ ሆነው የተጫወቱ ሰው ናቸውና ነገሩን በባለሙያ ዓይን ነው የሚያዩት።

«ይቺም የእሷ ጥፋት አይደለችም» አሉ። «ተከላካዮቹ ናቸው እንደ ገበያ በር ወለል ብለው የተከፈቱት።»

«ጎሉ ግን የሚጻፈው በእሷ ነው፣ ጋሼ።»

በረዶው ላይ ጎሉን የምትጠብቀው እሌኒ ናት፤ የአባይነህና የሽታዬ የመጀመሪያ ልጅ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ። ካልጋሪ፣ ሳድል ሪጅ ሰፈር ውስጥ በሰባት ዓመቷ የጎረቤት ልጅ አይታ «እኔም» ብላ የጀመረችውን የበረዶ ሆኪ፣ እስከ ካናዳ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ድረስ ይዛው ዘልቃለች። በዚያ ነሐሴ አሜሪካኖቹ ለሦስት ግጥሚያ ካልጋሪ መጥተው ነበር። አንዱን ካናዳ፣ አንዱን አሜሪካ አሸነፈች። ለመጨረሻው ግጥሚያ ግቡ ለእሌኒ ተሰጣት። በጥር ወር ለዓለም ሻምፒዮና ማን ተመርጦ እንደሚሄድ የሚታየውም በዚሁ ነበር። እናቷ ሽታዬ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሺፍት ላይ ስለሆነች በየአምስት ደቂቃው «ስንት ለስንት?» እያለች ቴክስት ታደርጋለች። አባይነህ ከሁለተኛው ጎል ወዲህ መመለስ ትቷል።

ከሦስቱ ፔሬዶች ገና የመጀመሪያው እንኳ አላለቀም። አሰልጣኟ ከተቀያሪዎቹ ወንበር ጀርባ ቆማ ክንዷን አነሳችና እሌኒን በእጇ ጠራቻት። ነይ፣ ውጪ። ሁለተኛዋ በረኛ ሄልሜቷን አጥልቃ ተነስታለች።

አባይነህ ይህን የእጅ ጥሪ ያውቀዋል። ዳውንታውን ፎቅ ላይ አሥራ አራት ዓመት የነዳጅ ቧንቧ ንድፍ ሲሠራ የኖረበት መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ባለፈው መጋቢት አለቃው በመስታወቱ በር በኩል እንዲሁ በእጁ ጠርቶታል። የነዳጅ ዋጋ ከወደቀ ጀምሮ በየሳምንቱ ሰው ይጠራ ስለነበር ገና ከወንበሩ ሲነሳ ገብቶታል። የስንብት ወረቀት ሰጡት፤ ሳያነብ ፈረመ። ከዚያ፣ ዛሬም ትዝ ሲለው ጆሮው እስኪግል ድረስ የሚያሳፍረውን ነገር አደረገ። የአለቃውን እጅ በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ቴንክ ዩ ቬሪ ማች» አለ። ለምን እንዳመሰገነ ራሱም አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስለ ሥራው ሲጠይቁት «ቫኬሽን ላይ ነኝ» ይላቸዋል። አምስት ወር የፈጀ ቫኬሽን።

«ውጪ ልጄ» አለ በልቡ። «የባሰ ሳይመጣ ውጪ።»

እሌኒ ወደ አሰልጣኟ አየች። ከዚያ ያንን በሄልሜት የተሸፈነ ጭንቅላቷን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቀነቀች።

«ምን ማለቷ ነው?» አለ አባይነህ።

«አልወጣም ማለቷ ነው» አሉ ጋሼ በርሀ ቀና ብለው።

አሰልጣኟ አሁን በሁለት እጇ ጠራቻት። የቡድኑ አምበል እየተንሸራተተች ሄዳ አንድ ነገር አለቻት፤ እሌኒ ባጭሩ መለሰችላትና አምበሏ ተመለሰች። እሌኒም ለአሰልጣኟ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ጎሉ ፊት ያለውን በረዶ በጫማዋ ስለት ግራ ቀኝ ፋቀች። የጎሉን ብረቶች በዱላዋ መታች፤ ቀኙን ጓ! ግራውን ጓ! ጉልበቷን አጠፍ አድርጋም ጠበቀች። መሃል ላይ፣ እንደ ኳስ የሚመቷትን ጥቁር ጎማ ይዞ የቆመው ዳኛ መዘግየቱ ሰልችቶት ወደ አሰልጣኟ አፈጠጠ። አሰልጣኟ እጇን አወረደች። ሁለተኛዋ በረኛ ተመልሳ ተቀመጠች።

ከፊታቸው ካለው ረድፍ አንድ ሰውዬ፣ «ይቺ ልጅ ማን ነኝ ብላ ነው?» አለ በእንግሊዝኛ።

ጋሼ በርሀ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው፣ «ሺ ኢዝ ዘ ጎልኪፐር!» አሉት። ሰውዬው ዘወር አላለም።

ሁለተኛው ፔሬድ ሲጀመር አባይነህ ልጁ ጎሉ ላይ አትገኝም ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ተገኘች። አሜሪካኖቹም ደካማዋን አግኝተናል ብለው ወረዱባት። አንዴ ሁለት አጥቂዎች ብቻቸውን መጡ፤ አንዷ ለሌላዋ አቀበለቻት፤ እሌኒ ካንዱ ብረት ወደ ሌላው በሆዷ ተወርውራ ጎማዋን በጭምብሏ መለሰቻት። ድምፁ እላይ ድረስ ተሰማ። ጋሼ በርሀ የታመመ ጉልበታቸውን ረስተው ቆሙ። አባይነህ ስልኩን አውጥቶ ለሽታዬ «ሦስት ለዜሮ እየተመራን ነው፤ ግን ብታያት!» ብሎ ጻፈላት።

ከዚያ በኋላ አንድም አልገባባትም። ካናዳዎቹ ሁለት አገቡ፤ ሦስተኛውን ፈለጉት፣ አጡት። ሦስት ለሁለት ተሸነፉ። ተጫዋቾቹ ሲጨባበጡ የአሜሪካኖቹ በረኛ እሌኒን ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። የራሷ አሰልጣኝ ግን ዞር ብላም አላየቻትም።

ከካልጋሪ ወጣ ብላ ባለችው ኤርድሪ ከተማ የሚኖሩት ጋሼ በርሀ ሃይዌይ ሁለት ሳይጨናነቅ ልድረስ ብለው ቀድመው ሄዱ። አባይነህ ከአዳራሹ ውጪ ቆሞ ጠበቃት። ከቁመቷ የማያንስ ቦርሳዋን እየጎተተች መጣች።

«አምበሏ ምን አለችሽ?»

«‹ኮች እየጠራችሽ ነው› አለችኝ። ‹አይቻለሁ› አልኳት።»

«ኮችሽስ?»

«በብሬክ ላይ ‹አራተኛ ከገባ ራሴ መጥቼ ጎትቼ አወጣሻለሁ› አለች። ኦኬ አልኳት።»

«ለምን አልወጣሽም ግን? ትቀጫለሽ እኮ።»

«እቀጣለኋ።» ቦርሳዋን አስቀመጠች። «አባ፣ ላይክ… ሦስት ገብቶብኝ ከወጣሁ፣ አራተኛውን ማዳን እንደምችል በምን ይታወቃል? እሷም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም።»

አባይነህ ቦርሳዋን አንስቶ ወደ መኪናው ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ሲ-ትሬን ተሳፍሮ ዳውንታውን ወረደ። የድሮ መሥሪያ ቤቱ እንግዳ መቀበያ ላይ ስሙን ተናግሮ ጠበቀ። የቀድሞ አለቃው ግራ እየገባው ወረደና እጁን ዘረጋለት።

አባይነህ እጁን አልጨበጠም። «በመጋቢት አመስግኜህ ነበር» አለው። «ምስጋናዬን መልሼ ልወስድ ነው የመጣሁት። አይገባችሁም ነበር።»

ሰውዬው የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። «አባይነህ፣ ደህና ነህ?»

«አሁን ደህና ነኝ» ብሎት ወጣ። ባቡሩ ውስጥ ሆኖ ለጋሼ በርሀ ኮል አደረገ።

«ጋሼ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ቫኬሽን ላይ አይደለሁም። ሌይ ኦፍ አድርገውኛል።»

«እኛ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች እኮ ከሚያዝያ ጀምሮ እናውቃለን» አሉት። «እንዳታፍር ብለን ዝም አልን እንጂ። በል ሲቪህን ላክልኝ፤ የወንድሜ ልጅ ለኤርድሪ ከተማ ካርታ የሚሠራ ሰው ይፈልጋሉ ሲል ሰምቼዋለሁ።»

መስከረም ላይ ለእሌኒ ከአሰልጣኟ ኢሜይል መጣ። ተሰጥኦዋን እንደሚያደንቁ፣ ነገር ግን ስለዚያ ቀን ይቅርታ ካልጻፈች ስሟ ለምርጫ እንደማይቀርብ ይላል።

«ሁለት መስመር ነው፤ ጻፊውና ይለፍ» አለች ሽታዬ። «ይቅርታ ማለት ሰው አያሳንስም።»

እሌኒ ጻፈች። ከመላኳ በፊት ስክሪኑን ወደ እነሱ አዞረችው። «ሦስት ጎል ስለገባብኝ ይቅርታ። ባለመውጣቴ ግን አልጸጸትም፤ ይህን የምጽፈው ዋሽቼ መመረጥ ስላልፈለግሁ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ገና አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው።»

ሽታዬ ባሏን አየችው፤ አንድ ነገር በላት እንደማለት።

«ላኪው» አለ አባይነህ።

ስሟ ከዝርዝሩ ቀረ። አንድ ሳምንት ሙሉ ምግብ ክፍሏ ይዛ እየገባች ብቻዋን በላች። በስምንተኛው ቀን ወጥታ «የሰፈሩ የወንዶች ቡድን ጎሊ አጥቷል፤ እኔ እገባለሁ» አለች፤ ገባችም።

ጥር ላይ ብሔራዊ ቡድኑ ከአሜሪካ ጋር ለዋንጫ ሲጫወት እሌኒና ወላጆቿ ሳሎን ተቀምጠው አዩ። እሌኒ ደብተር ይዛ፣ እያንዳንዷ አሜሪካዊት ከየት አቅጣጫ መምታት እንደምትወድ ትጽፋለች። ሁለተኛው ፔሬድ እንዳለቀ ተነስታ ጃኬቷን ለበሰች።

«መጨረሻውን አታዪም እንዴ?» አለች ሽታዬ።

«ፕራክቲስ አለኝ፣ እማ።»