የኤልሞር መርዶ

«ኤልሞር ደወለ?» አሉ ሚስተር ሆሊስ፣ ማንተግቦሽ የግራ እግራቸውን ካልሲ እያጠለቀችላቸው።

«አልደወሉም» አለች፣ ቀና ሳትል።

ውሸት አልነበረም፤ የሞተ ሰው አይደውልም። ግን እንዲህ ያለ ማምለጫ ጌታ ዘንድ እንደማይሠራ ስለምታውቅ፣ ሁለተኛውን ካልሲ በችኮላ አጠለቀችው።

ሜልበርን፣ ሴንት አልባንስ ሰፈር በሚገኘው የአረጋውያን መኖሪያ ስትሠራ አምስት ዓመቷ ነው። እንግሊዝኛ አንቱታ ባያውቅም፣ የዘጠና አምስት ዓመቱን ሰው በልቧ አንተ ብላቸው አታውቅም። ሚስተር ሆሊስ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። አውስትራሊያዊት ነርስ አግብተው ሜልበርን ከገቡ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጅ የላቸውም። የቀራቸው ነገር ቢኖር ከአልጋቸው ፊት ለፊት የተሰቀለው ፎቶ ነው። በፈረንጆቹ 1949 የተነሳ ነው፤ አሥራ አንድ ጥቁር የቤዝቦል ተጫዋቾች፣ ሚስተር ሆሊስም መሃላቸው ሆነው፣ አሮጌ አውቶብስ ተደግፈው ቆመዋል።

በብዙ ቦታ ነጭና ጥቁር በአንድ ቡድን የማይጫወትበት አገርና ዘመን ነበር። ሆቴል ስለማያስገባቸው እዚያው አውቶብስ ውስጥ ያድሩ ነበር። የከተማው ጋዜጣ የነጮቹን ውጤት ሲያትም የእነሱን ይዘለዋል። «ማን ምን ያህል ጎበዝ እንደነበረ የሚያውቀው አብሮት የተጫወተ ብቻ ነው» ይላሉ ሚስተር ሆሊስ። ስለዚህ በየማለዳው ልብሳቸውን ስታለብሳቸው፣ ከግራ ወደ ቀኝ የተጫዋቾቹን ስም አብረው ይጠራሉ። ማንተግቦሽ የአሥራ ሁለቱን ሐዋርያት ስም ስትዘረዝር ሁልጊዜ አንዱ ይጠፋታል፤ እነዚህን ግን ፎቶው ጀርባ ላይ በቁጥር ጽፋ፣ ከነጠባያቸው ይዛቸዋለች።

ቀኝ ጫፍ ላይ የቆመው አሥራ አንደኛው ብቻ ስም የለውም።

«ረጅሙ ኳስ ቀላቢያችን» አሉ ዛሬም። «እጁ አካፋ ነበር። ስሙ ምላሴ ላይ ነው... ግድ የለም፣ ኤልሞር ያውቀዋል። ሲደውል እጠይቀዋለሁ።»

ከአሥራ አንዱ በሕይወት የቀሩት እሳቸውና ኤልሞር ነበሩ። ኤልሞር በየወሩ መጀመሪያ እሑድ ከአሜሪካ፣ ከጆርጂያ ይደውሉ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት የደወለችው ግን ልጃቸው ነበረች። ሚስተር ሆሊስ ሳንባቸውን ታመው ከሆስፒታል በተመለሱ ማግስት ተኝተው ነበርና ስልኩን ያነሳችው ማንተግቦሽ ናት። «አባቴ አረፈ። ቀብሩ ቅዳሜ ነው፣ በቪዲዮ ይተላለፋል። ሚስተር ሆሊስ አንድ ቃል እንዲናገሩለት እፈልጋለሁ» አለቻት። ማንተግቦሽም እነግራቸዋለሁ አለች።

አልነገረቻቸውም። ባደገችበት ሰፈር ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም። ለብቻውም አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ ነው። ትንሽ ያገግሙ ብላ ስትጠብቅ ቅዳሜው አለፈ። ሲያገግሙ ደግሞ የሚሰበሰብ ዘመድ ከየት ይምጣ? ቀን ቀንን ወለደ።

የቁርስ ሳህን ልትመልስ ወደ ወጥ ቤቱ ስትገባ ለእትዬ ጦይባ ነገረቻት። እትዬ ጦይባ የደሴ ሰው ናት፤ እዚያው ምግብ ታበስላለች።

«ሰውየው ድነው የለ? ምን ይዞሽ ነው?»

«ሰው የላቸውም እኮ፣ እትዬ። ለብቻቸው እንዴት ልንገራቸው?»

«እኔ ሰው አይደለሁም? ነገ ሺፍት ሳንጀምር እንገባለን። ጎረቤታቸው እኛ ነን።»

በማግስቱ ማለዳ ገቡ። እትዬ ጦይባ ሻርፗን አስተካክላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ማንተግቦሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ሆና የሽማግሌውን እጅ ያዘች።

«ሚስተር ሆሊስ፣ ኤልሞር አርፈዋል።»

ሽማግሌው ፎቶውን ተመለከቱ። «መቼ?»

«ሃያ ሦስት ቀን ሆናቸው።»

«ተቀብሯል?»

«አዎ። ልጃቸው ደውላ ነበር። እርስዎ እንዲናገሩላቸው ፈልጋ ነበር። ታመው ስለነበር... ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«ማን ተናገረ ታዲያ?»

ማንተግቦሽ ትናንት ወደ ጆርጂያ ደውላ ይህንኑም የረጅሙን ተጫዋች ስምም ጠይቃለች፤ ስሙን የኤልሞር ልጅም አታውቀውም። «ፓስተራቸው ናቸው። አርባ ዓመት ፖስታ ያደሉ ደግ ሰው ነበሩ ብለው።»

«ስለ ኳሱስ?»

«የሚያውቅ ሰው አልነበረም።»

«እኔ አውቅ ነበር» አሉ ሚስተር ሆሊስ።

እትዬ ጦይባ አንገቷን ደፋች። ኮሪደሩ ላይ የመድኃኒት ጋሪ ሲያልፍ ተሰማ።

«በማያስገባን ሆቴል በር ላይ የሚቆም ሰው ነበር» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖርበት ለማንተግቦሽ ይቀላት ነበር። «ትሁት ሰው ነው። ሁልጊዜ የሚለን ‹ለእናንተው ብለን ነው› ነበር።» እጃቸውን ከእጇ አወጡ። «ፎቶውን አውርጂው። መሳቢያ ውስጥ አስገቢው።»

«ስማቸውን ሳንጠራ?»

«ለማን?»

ማንተግቦሽ ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች፣ ግን ይቅርታው ለእሷ እንጂ ለእሳቸው ምንም እንደማያደርግ ገባት። ከምንም በላይ ያሳፈራት ይህ ነበር። ሚስተር ሆሊስ ፊታቸውን በጎናቸው ወዳለው ግድግዳ አዞሩ። እትዬ ጦይባ ተነስታ ብርድ ልብሱን ትከሻቸው ድረስ ሳበችላቸውና ቁርስ ልትሠራ ወጣች።

ማንተግቦሽ ፎቶውን አወረደችው። የነበረበት ግድግዳ ላይ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ቀረ። መሳቢያውን ከፈተች፤ ከዚያ እንደገና ዘጋችውና ከደረት ኪሷ እስክሪብቶዋን አወጣች።

ፎቶውን ገለበጠችው። ከአሥራ አንደኛው ቁጥር ጎን ያለውን ባዶ ቦታ አልነካችውም። አራተኛው ቁጥር ላይ፣ ከኤልሞር ስም ጎን፣ ያረፉበትን ቀን ጻፈች። ከስሩ፣ ማንም አንብቦ እንዲገባው አድርጋ፣ ሚስተር ሆሊስ የሰሙበትን የዛሬውን ቀን ጻፈች። መርዶውን ያዘገየችው እሷ ናትና፣ ከሁለተኛው ቀን አጠገብ የራሷን ስም አሰፈረች።

ከዚያም ፎቶውን መሳቢያው ውስጥ፣ ጽሑፉን ወደ ላይ አድርጋ አስቀመጠችው።