የጋቢናው ሙቀት

«ነፋሷማ አለች፤ ሙቀቷ ነው የከዳን!» አለ አንዳርጋቸው፣ ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ጉናን ስናቋርጥ እናቴ በሳል ልትሞትብኝ ነበር። አምሐ ሚያዝያ ላይ የፒክአፗን ማሞቂያ ሠርቶልኝ፣ ክረምት እስኪገባ አልከፈትኋትም። ዛሬ ብከፍታት በረዶ ነፋችብን። ምን ዋጋ አለው፤ እሱ ቢኖር አሁኑኑ ያስተካክላት ነበር!»

ድንኳኑ አጉተመተመ። ሰው ሲሞት ይወደሳል፤ የአምሐ ውዳሴ ግን ከቀብሩ ጀምሮ አላባራም። በባሕር ዳር የሞተርን ሕመም በጆሮው የሚለይ እሱ ብቻ ነበር ይባላል። ታናሽ ወንድሙ አካሉ፣ አብሮት ሲሠራ የኖረ መካኒክ፣ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። ጥግ ላይ አክስታቸው እማማ ባንቺአየሁ፣ የአንዳርጋቸው እናት፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ይስላሉ። ማደር አይችሉም። ፒክአፗ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ናት፤ የይለፍ ፈቃዷም ለዛሬ ብቻ ነው። በመጡበት ብርድ ሊመለሱ ነው።

አካሉ ሳሉን መስማት ሲያቅተው ተነሥቶ ወጣ።

«ኮፈኑን ከፍቼ ልይ ብቻ» ብሎ ራሱን አታለለ። ሣልስት ሳይወጣ የሟች ወንድም መሣሪያ መንካቱ ነውር መሆኑን አላጣውም። ሞተሩን አስነሥቶ እስኪግል ጠበቀ። ከዚያ ወደ ጋቢናው ማሞቂያ ሙቅ ውኃ የሚወስደውን የጎማ ቱቦ በእጁ ተከተለ። ቱቦው ያቃጥላል፤ ደህና ነው። ትንሽ ዝቅ ሲል ግን ወደ ጋቢናው መግባቱን ትቶ ታጥፎ ወደ ሞተሩ ተመለሰ። በአጭር ቧንቧ ተቀጥሏል። ቅጥሉ አሮጌ እንዲመስል ደግሞ ግራሶ ተለቅልቋል።

የሚያፈስ ማሞቂያን እንዲህ ቆርጦ መዝለል ባሕር ዳር ላይ ብርቅ አይደለም። በዚህ ወበቅ ማን ማሞቂያ ይፈልጋል? ግን ለባለመኪናው ይነገረዋል፤ ጉናን ለሚያቋርጥ ሰው ደግሞ ጨርሶ አይደረግም። አምሐ አድርጎታል፤ «ሠርቻታለሁ» ብሎም ሸኝቷል። የአካሉ ፊት ጋለ። ከጀርባው ወንድሙን አሁንም እያወደሱት ነው። ስለ ወንድሙም በወንድሙም አፈረ።

አካሉ ገና ሥራ ሲለምድ ለአንድ ደንበኛ «አልቻልሁም» ብሎ ነበር። አምሐ ሰው ፊት ቱታውን አስወለቀው። «ከዚህ ጋራዥ እንዲህ ያለ ቃል አይወጣም!» በካናቴራና በቁምጣ በሐይቁ ዳር ወደ ቤቱ ሲሄድ ዓሣ የሚያራግፉት ሰዎች ሳይቀሩ ሳቁበት። በማግስቱ አምሐ አዲስ ቱታ ሰጠው እንጂ ይቅርታ አልጠየቀውም። ያ ኩሩ ሰው ነው አሁን በግራሶ የተሸፈነ ውሸት ትቶ የሄደው።

ገብቶ እውነቱን ቢናገር የአምሐ ስም እዚያው ድንኳን ውስጥ ይቀበራል። ዝም ቢል አሮጊቷ በብርድ ይሄዳሉ። አካሉ ጋቢውን አውልቆ የፒክአፗ ጭነት መጫኛ ላይ ጣለና ከአምሐ የመሣሪያ ሣጥን ካቻቢቴ፣ ፒንሳና የመበየጃ ብረት አወጣ።

ማሞቂያውን ከዳሽቦርዱ ሥር ፈትቶ አወጣው። ትንሽ ራዲያተር ናት። ጎኗ ላይ የብየዳ እርሳስ በእርሳስ ላይ ተደራርቦ ጎብጧል፤ ጀማሪ ያንጠባጠበው ይመስላል። የአምሐ ብየዳ ጥርት ያለ ነበር። አካሉ አገላብጦ አየውና ገባው። አምሐ አልጋ የያዘው ሰኔ ላይ ነው፤ እጁ ግን ሚያዝያ ላይም ይንቀጠቀጥ ኖሯል። ደጋግሞ ሞክሮ፣ እምቢ ሲለው፣ ቆርጦ ዘለለው።

«ምናለ ቢነግረኝ!» አለ አካሉ፣ ብቻውን መሆኑን ረስቶ።

የሚበይድበትን ብረት ከድንኳኑ ጀርባ፣ ለለቅሶተኛው ወጥ ከሚሠራበት እሳት ውስጥ ጨመረው። ሴቶቹ ጮኹ። የአምሐ ሚስት የሺመቤት ተጠርታ መጣች።

«ምን ነካህ፣ አካሉ? አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ? ሰው ምን ይላል?»

«ይበል፣ እትዬ። አክስቴ በብርድ አይሄዱም።»

ሰውም አለ። «ወንድሙን ቀብሮ ጋራዥ ከፈተ» አለ አንዱ። «ውርሱን እየቃኘ ነው» አለ ሌላው። አካሉ ሁሉንም ሰማ። የወንድሙን እርሳስ አቅልጦ አነሣ፤ ቀዳዳውን ደፈነ፤ ማሞቂያውን ቦታው መልሶ ቱቦዎቹን አገናኘ። ውኃ ሞልቶ አየሩ ቡልቅ ቡልቅ ብሎ ወጥቶ እስኪያልቅ ሞተሩን አስነሥቶ ቆየ። ጋቢናው ቀስ በቀስ ሞቀ።

አንዳርጋቸው እናቱን ደግፎ አስገባቸውና እጁን ነፋሱ ላይ ዘረጋ። «እግዜር ይስጥህ! ለመሆኑ ምኗ ነበር?»

ሊሸኝ የወጣው ሰው ሁሉ ጆሮውን ጣለ።

«አምሐ አሳምሮ ሠርቷት ነበር» አለ አካሉ መሬት መሬት እያየ። «በኋላ ነካክቼ ያበላሸኋት እኔ ነኝ። ለመናገር አፍሬ ዝም አልሁ።»

የአንዳርጋቸው ፊት ጠቆረ። «እናቴን ልትገድልብኝ?» ሽማግሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምስኪን አምሐ፤ ስንቱን ችሎ ኖሯል!» አለ ከመካከላቸው አንዱ። አካሉ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ጠጋ በል፣ ልጄ» አሉ እማማ ባንቺአየሁ በመስኮቱ። ጠጋ ሲል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በፋሲካ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ብርጭቆ መያዝ አቅቶት ነበር። ‹ለአካሉ እንዳይነግሩት› ብሎ አስማለኝ።»

አካሉ ቀና ብሎ አያቸው።

እማማ ባንቺአየሁ ግራሶ የጠገበ እጁን ወደ ጋቢናው ሳብ አድርገው ጭናቸው ላይ አኖሩት። የነጭ ነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ጣት በጣት ይጠርጉት ጀመር። አንዳርጋቸው ማርሽ አስገብቶ «እንሂድ እንጂ፣ እማዬ» ቢልም አልለቀቁትም።