ለአንድ ሰው የታዘዘ ክኒን

"በየቀኑ ነው የሚወስዱት፣ እናቴ?"

"አዎ" አለች ታደለች።

ዶክተሩ ከወረቀቱ ቀና ብሎ አያት። እሷ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የልብ ሥዕል መመልከት ጀመረች። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የነጠላዋን ጥለት ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ትጠቀልላለች።

በ2003 ክረምት ነው። የልብ ሐኪሙ ከአዲስ አበባ ወደዚህ የወልድያ ክሊኒክ ብቅ የሚለው በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ስለሆነ፣ ከመርሳ የመጣችው ሳይነጋ ነው። ልቡን የታየ የመርሳ ሰው ሁሉ ምን እንደሚጠብቃት አስቀድሞ ነግሯታል። "ደረትሽን ቀዝቃዛ ነገር ይቀቡሻል፤ ከዚያ በማሽን ውስጥሽን ሁሉ ያያል። ከእሱ የሚደበቅ የለም" ብለዋታል። እሷም ማሽኑ ያጋልጠኛል ብላ ስትፈራ፣ ደግሞም ባጋለጠኝና በተገላገልኩ ብላ ስትመኝ ነው የሰነበተችው። ማሽኑ ግን ልቧን አሳይቶ ዝም አለ። የጠየቃት ሰውየው ነው፤ ለሰው ደግሞ መዋሸት ይቻላል።

"ደምዎ በሚፈለገው ልክ አልቀጠነም" አለ ዶክተሩ። "በየቀኑ እየወሰዱ እንዲህ ከሆነ፣ መጠኑን መጨመር ሊኖርብኝ ነው።" መጻፍም ጀመረ።

ታደለች የነጠላዋን ጥለት ለቀቀች። ነገሩ እንዲህ ነው። እሷና ረሂማ በመርሳ ጎን ለጎን ሱቅ አላቸው፤ የሚለያቸው አንድ ቆርቆሮ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አንዷ ስትሄድ ሌላዋ የሁለቱንም ሱቅ ትጠብቃለች። ሕመማቸውም አንድ ዓይነት ነው፤ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ሲመሽ እግራቸው ያብጣል። ረሂማ ግን ሐኪም ቤት የሚባል ነገር አትወድም። ባለፈው ወር ታደለች የሁለት ወር የደም ማቅጠኛ ታዝዞላት ስትመለስ፣ ጎረቤቷ በሯ ላይ ተቀምጣ በአፏ ስትተነፍስ አገኘቻት። ታዲያ የረሂማ ዓይን እያየ እሷ ብቻዋን ትዋጥ? ከስልሳው ክኒን ሠላሳውን ቆጥራ በወረቀት ጠቀለለችላት። እንዲበረክትም ቀን እየዘለሉ ይወስዱት ጀመር።

ሰሞኑን ረሂማ ጥርሷን ስትፋቅ ደም ትተፋለች። ክንዷም እንደተመታ ሰው ጠቁሯል። "መጥፎው ደም እየወጣልኝ ነው፣ አልሐምዱሊላህ" ብላ ሳቀች። ታደለችም አብራት ሳቀች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እንቅልፍ አጣች።

ዶክተሩ ወረቀቱን ዘረጋላት። አልተቀበለችውም።

"ዋሽቼዎታለሁ፣ ዶክተር። በየቀኑ አልወሰድኩም። ከጎረቤቴ ጋር ተካፍለነዋል።"

ይቆጣኛል ብላ አንገቷን ደፋች። እሱ ብዕሩን አስቀመጠ።

"ጎረቤትዎ ደማቸው ተለክቷል?"

"የለም። ድዷ ይደማል። ክንዷም ጠቁሯል።"

ሰውየው ከወንበሩ ተነሣ። "ይህ እንደ ራስ ምታት ክኒን አይደለም፣ እናቴ። ደም እየተለካ ነው የሚሰጠው። ለእርስዎ የሚበጀው እሳቸውን ጭንቅላታቸው ውስጥ ሊያደማቸው ይችላል። አንድ ፍሬ እንኳ እንዳይጨምሩ። ዛሬውኑ ሐኪም ቢያያቸው ይሻላል፤ ካልሆነ ነገ በጠዋት እዚህ ያምጧቸው፣ ሳልሄድ አያቸዋለሁ። እርስዎም እዚሁ ይደሩ፤ ነገ ደምዎን እንደገና እንለካለን።" በሩ ድረስ ሸኛት። "እንኳን ነገሩኝ" አላት።

ልጇ ደጀን የመርሳ መካኒክ ነው፤ ጋራዡን ዘግቶ አብሯት መጥቷል፣ ኮሪደሩ ላይ እየጠበቃት ነው። ወደ ረሂማ አስደውላው ስልኩን ከእጁ ነጠቀች።

"ረሂማ፣ ያችን ክኒን እንዳትውጫት። ደም ታፈሳለች ብሏል ዶክተሩ። ዛሬውኑ ታዪ።"

"ተረጋጊ እቴ። አንቺን ያዳነ እኔን ምን ያደርገኛል?"

"የኔን ደም እየለኩ ነው የሚሰጡኝ። ያንቺን ማን ለካው?"

"አላህ ያውቀዋል። ወላሂ ከጀመርኳት ወዲህ ትንፋሼ ተመልሷል። ከመግሪብ ሶላት በኋላ እወስዳታለሁ፤ አንቺ ስለ ራስሽ አስቢ።" ስቃ ዘጋችው።

ታደለች እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ሄዳ ተመለሰች። እንደገና ሄደች።

"እማ፣ ሄጄ ልቀማት?" አለ ደጀን።

"ረሂማን? እሷ የደበቀችውን ሌባም አያገኘው።"

ረሂማን በምክር የመለሳት ሰው የለም። አንድ ጊዜ ግን የገዛ ወንድሟ ፊቱን አጥቁሮ የሰጣትን ግማሽ ኩንታል ማሽላ በማግሥቱ አሸክማ መልሳለታለች። የተሰሰተ ነገር በጉሮሮዋ አይወርድም። ታደለች ይህን ስታስብ ፊቷ ጋለ። የሰጡትን መልሶ መጠየቅ በእናቷ ቤት አልተማረችም፤ ሲደረግም አላየችም።

"ደውልልኝ" አለችው።

"ረሂማ፣ እውነቱን ልንገርሽ። መድኃኒቱ ለኔ አልበቃኝም። የሰጠሁሽን መልሽልኝ።"

በስልኩ ውስጥ ከዋናው መንገድ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።

"ሁሉንም?" አለች ረሂማ።

"ሁሉንም። ቆጥሬ ነው የሰጠሁሽ።"

"እሺ። ልጅሽን ላኪው።"

ረሂማ ደጀንን ከተወለደ ጀምሮ "ልጄ" እንጂ "ልጅሽ" ብላው አታውቅም። ታደለች ስልኩን መለሰችለትና ግድግዳውን ተደገፈች።

"ምነው እማ? ንፉግ ናት እኮ ነው የምትልሽ። ልንገራት እውነቱን?"

"ዛሬ አንዳች እንዳትላት። ካወቀች ትስቅና ትውጠዋለች። ንፉግ ትበለኝ፤ በሕይወት ኖራ ትበለኝ።"

"ነገስ እንዴት አድርጌ ላምጣት?"

"ታደለች ወልድያ ናት በላት፣ ይበቃታል። ረሂማ ሳትሰድበኝ አትውልም፤ ራሷ ትመጣለች። እኔ እዚሁ፣ ዶክተሩ በር ላይ እጠብቃታለሁ።"

ደጀን ወደ መርሳ የሚሄድ ሚኒባስ ሊፈልግ ደረጃውን መውረድ ጀመረ። ታደለች ተከትላው ወጥታ ክንዱን ያዘችው።

"ስትሰጥህ ዝም ብለህ ተቀብለህ እንዳትመጣ። እፊቷ ቆመህ አንድ በአንድ ቁጠረው" አለችው። "ከሠላሳው የቀረው አሥራ አምስት መሆን አለበት።"